የተተወው ድምፅ፦ የራፕ፣ የሮክና የካንትሪ አልበሞችን ስለ መመዘን

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ራፕን፣ ሮክንና ካንትሪን አንድ ላይ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ሦስቱንም በአንድ መለኪያ የሚለካ ግን ከዚያም ይበዛል። የራፕ አልበም ሰምቶ «ዜማ የለውም» የሚል፣ የካንትሪ አልበም ሰምቶ «ሁሉም ዘፈን አንድ ነው» የሚል፣ የሮክ አልበም ሰምቶ «ጩኸት ብቻ» የሚል አድማጭ አልዋሸም። ጆሮውን የጣለበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ዛሬ የማቀርበው የግል አስተያየቴን ነው፤ የግል ስለሆነ ግን ማስረጃ አይጠየቅበትም ብዬ አላምንም። አንድን አልበም ያሞገሰ ወይም ያጣጣለ ሰው «የቱ ጋ?» ሲባል ቦታውን በጣቱ ማሳየት መቻል አለበት።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ አንድ አልበም ምን ምን ነገር እንደተወ እመለከታለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ መደረብ ቀላል ነው። ትራኩ አያልቅም፣ መሣሪያው አያልቅም፣ እንግዳ ድምፃዊም አይጠፋም። የሚከብደው መተው ነው፤ ራፕ ሊተወው የሚችለውን ካንትሪ ሊተወው አይችልም፣ ሮክ ቢተወው የሚሞትበትን ነገር ራፕ ሳያስፈልገው ይኖራል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለማየት የአንድ ፕሮዲውሰር ሥራ መከተል ይበቃል። ሪክ ሩቢን በ1985 የኤልኤል ኩል ጄን «ሬዲዮ» ሲሠራ በሽፋኑ ላይ የተጻፈለት አዘጋጀው ሳይሆን «ቀነሰው» ተብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ድራም ማሽን፣ የሸክላ ጭረትና የራፐሩ ድምፅ ነው፤ ሌላው የለም ማለት ይቻላል። በዓመቱ የስሌየርን «ሬይን ኢን ብለድ» ሠራ፤ 10 ዘፈን፣ ከ30 ደቂቃ በታች። የዚያን ዘመን ሄቪ ሜታል (የሮክ ዘርፍ ነው) ሪቨርብ አብዝቶ ይለብስ ነበር፤ ሪቨርብ ማለት ድምፅ ከግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ የሚተወው ጅራት ነው። በደቂቃ 200 ምት በሚሮጥ ዘፈን ከምት እስከ ምት ያለው ጊዜ 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ተኩል የሚቆይ ጅራት ከተጨመረበት ቀጥለው በሚመጡት አምስት ምቶች ላይ ይተኛባቸዋል፤ ፍጥነቱም ወደ ጉርምርምታ ይለወጣል። ሩቢን ጅራቱን ቆረጠው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የድራም ምት በዚያ ፍጥነት እንኳ ተለይቶ ይሰማል። በ1994 ደግሞ ጆኒ ካሽን ጊታሩን ብቻ አስይዞ «አሜሪካን ሪኮርዲንግስ»ን ቀዳ። ቀረጻው አብዛኛው የተካሄደው በሩቢን ሳሎንና በካሽ የእንጨት ቤት ነበር። ቤዝ የለም፣ ድራም የለም፣ አጃቢ ድምፅ የለም።

የተተወው ነገር በሦስቱም የተለያየ ነው። ራፑ ዜማን ትቶ ምትን ያዘ፤ ሜታሉ ቦታን ትቶ ፍጥነትን ያዘ፤ ካንትሪው አጃቢን ሁሉ ትቶ ታሪኩንና የሚናገረውን አፍ ያዘ። የቀረው ነገር በዚያ የሙዚቃ ዓይነት ዘንድ ሊቀር የማይችለው ነገር ነው። አልበም ስትሰሙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ይሁን።

አሁን ስለ ርዝመት ላንሣ፤ ብዙ አልበም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ኮሎምቢያ በ1948 ያወጣው ባለ 12 ኢንች ረጅም ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ገጹ ድምፁ ሳይጎዳ 22 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ከዚያ በላይ ለመጫን ከተፈለገ መስመሮቹ መጠጋጋት አለባቸው፤ እንዲጠጋጉ ደግሞ ቤዙና የድምፁ ኃይል መቀነስ አለበት። ሌላም ነገር አለ፦ ሸክላው የሚዞረው በእኩል ፍጥነት ስለሆነ መርፌው በውጭው ጠርዝ ላይ በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ገደማ ሲጓዝ ወደ መሀሉ ሲቃረብ ወደ 21 ይወርዳል። ስለዚህ የገጹ መጨረሻ ላይ ከፍተኛና ስል ድምፆች ይሻክራሉ። የድሮ አልበሞች ኃይለኛውን ዘፈን መጀመሪያ፣ ረጋ ያለውን የገጹ መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው የጣዕም ብቻ ሳይሆን የመርፌም ጉዳይ ነበር። እኔ የ40 ደቂቃ አልበም የምወደው በናፍቆት አይደለም። ሁለት መጀመሪያና ሁለት መጨረሻ ያለው ሥራ አራት ጊዜ እንዲያስብ ይገደዳል።

ሲዲ በ1982 ሲመጣ 74 ደቂቃ አመጣ፤ የ1990ዎቹ ራፕ ያን ቦታ ለመሙላት ሲል በቀልድ ንግግርና በተረፈ ዘፈን ታጨቀ። ስትሪሚንግ ጭራሽ ወሰኑን አነሳው። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ከ2016 ጀምሮ 1,500 ጊዜ የተደመጠ ዘፈንን እንደ አንድ የተሸጠ አልበም ይቆጥራል። ቆጠራው ከአልበሙ የትኛውም ዘፈን ሊመጣ ስለሚችል ዘፈን በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል። የድሬክ «ስኮርፒዮን» በ2018 በ25 ዘፈን ወጣ፤ የሞርገን ዋለን «ዋን ቲንግ አት ኤ ታይም» በ2023 በ36። አንዱ ራፕ፣ ሌላው ካንትሪ፤ በሽታው ግን አንድ ነው። በሁለቱም ውስጥ ጥሩ አልበም አለ፤ ፈልጎ ማውጣቱ ግን ለአድማጩ ተትቷል፤ ይህ የአድማጭ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

እንዲህ ያለ አልበም ሲገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ሙሉውን አንድ ጊዜ በቅደም ተከተሉ ስሙት፤ ምንም አትቁረጡ። በሁለተኛው ዙር ሁለት ዘፈኖች አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ስታገኙ ደከም ያለውን አውጡት፤ አንድ ዓይነት ቢት (ራፐሩ የሚናገርበት ሙዚቃ)፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ፣ አንድ ዓይነት አዝማች ማለቴ ነው። ከ11 እስከ 13 ዘፈን ሲቀር አቁሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝግ ያሉትን ሁሉ ጥሎ ጉልበተኞቹን ሲያስቀር ነው። ከአምስት ኃይለኛ ዘፈን በኋላ የሚመጣ ጸጥ ያለ ዘፈን ለብቻው ሲሰማ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ሲወጣ ግን ስድስተኛው ኃይለኛ ዘፈን ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የቀረውን ዝርዝር ሳትሰሙት አትመኑት።

ወደ ራፕ ልግባ። የራፕን አልበም ለመመዘን ቢቱ በምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 የተባለው ሳምፕለር (ከሌላ ሥራ የተቆረጠ ድምፅ፣ ማለትም ሳምፕል፣ ቀድቶ የሚያጫውት ማሽን) በጠቅላላው የሚይዘው 10 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የዲጂታል ጥራቱም በኮምፒውተር መለኪያ 12 ቢት ነው። ሠሪዎቹ ቦታ ለመቆጠብ የ33 ሸክላን በ45 ፍጥነት እያጫወቱ ይቀዱና በማሽኑ ውስጥ መልሰው ያወርዱት ነበር። ሲወርድ ድምፁ ይሻክራል፣ አቧራ የለበሰ ይመስላል። ዛሬ በኮምፒውተር ተመስሎ የሚሸጠው ያ ሻካራነት ከቦታ እጥረት የተወለደ ነው። ፐብሊክ ኤነሚ በ1988 ያወጣው «ኢት ቴክስ ኤ ኔሽን ኦፍ ሚሊየንስ ቱ ሆልድ አስ ባክ» በደርዘን የሚቆጠሩ ቁርጥራጮችን እየደራረበ ከዚያ እጥረት ውስጥ ጎርፍ አወጣ። እዚህ ላይ የእኔን መመዘኛ የሚፈታተን ሥራ ነው፤ ምንም የተወ አይመስልም። በደንብ ስታዳምጡት ግን የተወው ነገር አለ፦ ማረፊያ። የቡድኑ ራፐር ቹክ ዲ የሚናገረው ነገር ማረፊያ አይፈልግምና ትክክል ነበር።

በታኅሣሥ 1991 ኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ የተወሰደ ሳምፕልን እንደ ስርቆት ሲፈርድበት ያ የመደራረብ ዘመን አበቃ። ጉዳዩ ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ከዘፋኙ ጊልበርት ኦሱሊቫን ዘፈን የወሰደውን ይመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ክፍያ ይጠይቃል። በ1992 መጨረሻ የወጣው የዶክተር ድሬ «ዘ ክሮኒክ» ብዙውን የፈንክ ሐረግ ከሸክላ ከመቁረጥ ይልቅ በሙዚቀኞች እንደገና አስጫወተ፤ ድምፁ የጠራውና ቤዙ የወፈረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የዴ ላ ሶል የ1989 አልበም «ትሪ ፊት ሃይ ኤንድ ራይዚንግ» ደግሞ በሳምፕል ፈቃድና በውል ጣጣ ምክንያት እስከ መጋቢት 2023 ድረስ በስትሪሚንግ አልነበረም። አንድ ትውልድ ሙሉ ያን አልበም ሳይሰማ ስለ ራፕ ታሪክ መከራከሩ ያሳዝነኛል።

ከራፕ አልበሞች ሁሉ የማስቀድመው የናስን «ኢልማቲክ»ን ነው። ሚያዝያ 1994 ሲወጣ ናስ 20 ዓመቱ ነበር። መግቢያውን ጨምሮ 10 ትራክ፣ ከ40 ደቂቃ በታች። ቢቱን የሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ኪው-ቲፕና ኤል.ኢ.ኤስ። አምስት እጅ የገባበት አልበም መበታተን ነበረበት፤ አልተበታተነም፤ ምክንያቱም የራፕ እንግዳ አንድ ብቻ ነው፣ ታሪኩም ከኩዊንስብሪጅ ሕንፃዎች አይወጣም። ሌላ እንግዳና ሌላ ስፍራ ሲተዉ ድምፁ ጠበቀ።

ግጥሙን ስትመዝኑ ቤት የሚመታበትን ቦታ ልብ በሉ። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ 16 ባር ያለው አንድ አንጓ 43 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ አንድ ባር አራት ምት ነው። ደካማ ራፐር በእያንዳንዱ ባር አራተኛ ምት ላይ ቤት ይመታል፤ ከአራት ባር በኋላ ቀጣዩ ቃል የት እንደሚያርፍ ትገምታላችሁ። ጎበዙ ቤቱን ወደ ባሩ መሀል ያስገባዋል፣ ሐሳቡን ከባር ወደ ባር ያሻግረዋል፣ ሁለትና ሦስት ቀለም ያለው ቃል ከሌላ ጋር ያጋጥማል። ትንፋሹንም ስሙ፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሐሳቡ የሚያልቅበት ቦታ ከሆነ ያ ሰው የጻፈውን ያውቀዋል። ሰምና ወርቅ የሚያበዛ ራፐር ላይ ግን አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ዙር ግጥሙን በስክሪን እያነበባችሁ አትስሙ፤ ዓይን ከጆሮ ስለሚቀድም ምቱን ትስቱታላችሁ። ንባቡ የሁለተኛው ዙር ነው።

በመሀል የሚገቡ ንግግሮች ብዙውን ጊዜ የአልበም ሸክም ናቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስቅ ቀልድ ጥቂት ነው። የኬንድሪክ ላማር የ2012 «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» ግን የተለየ ነው። ታሪኩ በጊዜ ቅደም ተከተል ስላልተሰደረ ከወላጆቹ የሚመጡት የስልክ መልእክቶች ከሌሉ አድማጩ የት እንዳለ አያውቅም። አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ታሪኩ ይፈርሳል። ሊወጣ የማይችል ንግግር ትክክለኛ ንግግር ነው።

አንድ የመሣሪያ ጉዳይ ላክል። ራፕን በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ መፍረድ ግማሹን ሳይሰሙ መፍረድ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው የሚርገበገበው፤ ትንሽ የስልክ ማጉያ እዚያ ድረስ አይወርድም። ጆሮ ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ይገምታል እንጂ አይሰማውም። የኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት «ዘ ሎው ኤንድ ቲየሪ» የተገነባው በቤዝ ዙሪያ ነው፤ የጃዙ ሮን ካርተር ራሱ በአንድ ዘፈን ላይ ቤዝ ይጫወታል። ያን አልበም በስልክ የሰማ ሰው ከቤቱ ውስጥ መሠረቱን አላየም። የድምፁ መጠንም ልዩነት ያመጣል፤ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ቤዙን ነው።

«ዘ ሎው ኤንድ ቲየሪ» የወጣው መስከረም 24 ቀን 1991 ነው። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ»ም በዚያው ቀን ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣው የጋርዝ ብሩክስ «ሮፒን ዘ ዊንድ» ደግሞ በቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ የገባ የመጀመሪያው የካንትሪ አልበም ሆነ። የብሩክስ እንዲህ መግባት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቢልቦርድ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የመደብር ሠራተኞች በቃልና በግምት የሚያቀርቡትን ዘገባ ትቶ በመደብሩ የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን የተነበበውን ባርኮድ መቁጠር ጀመረ። ወዲያው ካንትሪና ራፕ ከዚያ በፊት ሲታሰቡ ከነበረው በላይ እንደሚሸጡ ታየ። ሕዝቡ ያን ጊዜም ይሰማቸው ነበር፤ የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም።

ሮክ ላይ የማዳምጠው መጀመሪያ ድራሙን፣ ከድራሙም የተቀዳበትን ክፍል ነው። ጊታር ከማጉያው ፊት በቅርብ ማይክሮፎን ይቀዳና ስለ ክፍሉ ብዙም አይነግርም። ድራም ግን ክፍሉን ይዞ ይመጣል። የሌድ ዘፔሊን አራተኛ አልበም (1971) የመጨረሻ ዘፈን ላይ ያለው ድራም የተቀዳው በእንግሊዝ ገጠር ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ ቤት ነው፤ ድራሙ ደረጃው ሥር ባለው አዳራሽ ተቀመጠ፣ ሁለት ማይክሮፎን ከላይ ከደረጃው ተንጠለጠለ፣ ከዚያ በኮምፕረሰር ተጨመቀ። ኮምፕረሰር ከፍተኛውን ድምፅ ሲያወርድ ዝቅ ያለው ይጎላል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ የክፍሉ ጅራት ነው። ያ ግዙፍነት የመጣው ከማይክሮፎን ብዛት አይደለም፤ ማይክሮፎኑን በማራቅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ የቢስቲ ቦይስ «ላይሰንስድ ቱ ኢል» በዚሁ ድራም ሳምፕል ይከፈታል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው፤ ያው ድራም በሮኩ ውስጥ እንደ ማዕበል ሲንከባለል በራፑ ውስጥ ለአንደበት መቆሚያ መድረክ ይሆናል።

ስለ ኒርቫና ያለኝ አስተያየት ብዙ ሰው የሚቃወመው ነው፦ «ኢን ዩቴሮ» (1993) ከ«ኔቨርማይንድ» ይበልጣል። «ኔቨርማይንድ»ን ቡች ቪግ ቀድቶ አንዲ ዋላስ ሚክስ ሲያደርገው (የተቀዱትን ድምፆች አመዛዝኖ ሲያዋህድ) ድምፁ ጥርት ብሎ ተወለወለ፤ የከርት ኮቤይን ድምፅ በብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ ተደራርቧል፣ ስለዚህ ሰፊና ለስላሳ ነው። «ኢን ዩቴሮ»ን የቀዳው ስቲቭ አልቢኒ ግን ማይክሮፎኖቹን በክፍሉ ዙሪያ አድርጎ ባንዱ እንዳለ እንዲሰማ ተወው፤ ከሽያጭም ድርሻ አልቀበልም ብሎ በቁርጥ ክፍያ ሠራ። ድራሙ ስር ወለሉ ይሰማል። ድምፁ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ አልተጠገነም። ያ አልበም የሚናገረው ስለ ሕመም ነውና መጥገኑ ውሸት ይሆንበት ነበር። ሁለት ዘፈኖቹ ከመውጣታቸው በፊት በሌላ ሰው እንደገና ሚክስ ተደርገዋል፤ «ሃርት-ሼፕድ ቦክስ»ና «ኦል አፖሎጂስ»። ከሌሎቹ ጋር አስተያዩአቸው፤ ድምፃዊው ወደ ፊት ቀርቦ ክፍሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይሰማችኋል።

መተው ሁልጊዜ መልካም ነው እያልሁ አይደለም። የሜታሊካ «...ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» (1988) ቤዙን ከሞላ ጎደል ትቶታል፤ ጄሰን ኒውስተድ ቢጫወትም አይሰማም። ጊታሮቹ ከላይ ይቆርጣሉ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ከታች ይንቋቋል፣ መሀሉ ባዶ ነው። አቀናበሩ ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ የረቀቀ ሆኖ ሳለ አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጆሮን የሚያደክመው በዚህ ነው። ቤዝ ለሮክ የሚተው ነገር አልነበረም።

የዚሁ ባንድ «ዴዝ ማግኔቲክ» (2008) ደግሞ ተቃራኒውን ስህተት ሠራ፤ ፕሮዲውሰሩ ያው ሪክ ሩቢን መሆኑ ይገርመኛል። ድምፁ እጅግ ከመጮኹ የተነሣ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ድራሙ ሲመታ ከምት ይልቅ ስንጥቅጥቅ ይሰማል። ዘፈኖቹ «ጊታር ሂሮ» ለተባለው ጨዋታ ሳይጨመቁ ተሰጥተው ስለነበር አድማጮች ሁለቱን አነጻጽረው የጨዋታው ቅጂ የተሻለ መሆኑን አገኙ። ድምፅ ዲጂታል ላይ ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ አለ። ሁሉንም ወደ ጣሪያው ስትገፉት ዝቅተኛውና ከፍተኛው እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ከሆኑ ኃይለኛው ቦታ ኃይለኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ የአንድን አልበም ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያውንና እንደገና ማስተር የተደረገውን (ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ እንደ አዲስ የተሠራለትን)፣ መጀመሪያ ድምፃቸውን አስተካክሉ። ጆሮ አንድ ዴሲቤል የጮኸውን እንኳ «የተሻለ» አድርጎ ይቀበላል። ስፖቲፋይ ድምፅ ማስተካከያው ሲበራ ዘፈኖችን ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያመጣቸዋል፤ ይህ ለንጽጽር በቂ ነው። ያ ከሌለ የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም እኩል እስኪሆን የጮኸውን ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ አንዱን ክፍል 20 ሰከንድ ከዚህ፣ 20 ሰከንድ ከዚያ ስሙ። ጩኸቱ ሲወሰድበት ብዙ «አዲስ ማስተር» የሚበልጥበት ነገር አይቀርለትም።

በሮክና በካንትሪ ድንበር ላይ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ነብራስካ» (1982) ቆሟል። በጥር ወር ቤቱ ውስጥ፣ ባለ አራት ትራክ የታስካም ካሴት መቅጃ ላይ፣ በሁለት ተራ ማይክሮፎን ለባንዱ ማስተማሪያ ብሎ የቀዳው ነው። ከባንዱ ጋር በስቱዲዮ ሲሞከር ዘፈኖቹ ከበዱ፤ በመጨረሻ ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። ካሴቱ በዝቅተኛ ድምፅ የተቀዳ ስለነበር ወደ ሸክላ ማሻገሩ ብዙ ሙከራ ጠየቀ። የካሴቱ ሽውታ በየዘፈኑ ይሰማል፤ እኔ ከዘፈኑ ለይቼ አላየውም።

ካንትሪን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሬዲዮ በሚያጫውተው ነው፤ ስለዚህም ሳይሰማው ይጠላዋል። የካንትሪ ማዕከል በሆነችው በአሜሪካዋ ከተማ ናሽቪል ስቱዲዮዎች ሙዚቀኞች ኮርዶችን በቁጥር ይጽፋሉ፤ አንድ፣ አራት፣ አምስት እያሉ። ድምፃዊው ቁልፉ ከፍ አለብኝ ካለ ማንም ወረቀቱን ሳይለውጥ ወዲያው ዝቅ አድርገው ይጫወታሉ። የኮርዱ መንገድ ቀላልና የታወቀ ነው። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሆኖም ኮርዱ የታወቀ እንዲሆን የተፈለገው አድማጩ ጆሮውን ለታሪኩ እንዲሰጥ ነው።

ስለዚህ በካንትሪ የሚመዘነው ሌላ ነው። ታሪኩ ከአንጓ ወደ አንጓ ይሄዳል ወይስ እየዞረ ያንኑ ይላል? አዝማቹ ቃሉ ሳይለወጥ በሦስተኛው ጊዜ ትርጉሙ ከተለወጠ ዘፈኑ በእውነተኛ ጸሐፊ የተጻፈ ነው። ከዚያ ፔዳል ስቲል ጊታሩን ተከተሉት። የተለመደው ዓይነት አሥር ክር አለው፤ ተጫዋቹ በእግሩና በጉልበቱ እየተጫነ ክሩ ገና እየጮኸ ሳለ ድምፁን ያጥፈዋል፣ እንደ ሰው ልቅሶ ይሆናል። ጥሩ የስቲል ተጫዋች ዘፋኙ ቃል ላይ ሳለ ዝም ይላል፤ ስንኙ ሲያልቅ በቀረው ጊዜ ይመልስለታል። ስቲሉ በቃሉ ላይ ከተኛ ወይ ተጫዋቹ አልሰማም፣ ወይ ሚክሱን የሠራው ሰው አልሰማም።

የዊሊ ኔልሰን «ሬድ ሄዴድ ስትሬንጀር» (1975) ለእኔ ከካንትሪ አልበሞች ሁሉ የበላይ ነው። ኔልሰን ከኮሎምቢያ ጋር ሲፈርም በሥራው ላይ ሙሉ ሥልጣን ነበረው፤ አልበሙን በቴክሳስ ጋርላንድ ከጥቂት ሙዚቀኞች ጋር ቀድቶ ሲያቀርብ የኩባንያው ሰዎች ገና ያላለቀ ሙከራ መሰላቸው። የዚያ ዘመን ናሽቪል ቫዮሊንና የአጃቢ መዘምራን በሰፊው ይጨምር ነበርና አይፈረድባቸውም። ሚስቱንና ወዳጇን ገድሎ የሚንከራተት ሰባኪ ታሪክ ነው፤ አንዳንዱ ትራክ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ዋናው ዜማ እየተመለሰ ሰውየው የት እንደደረሰ ይነግረናል። ከዚያ አልበም የወጣው «ብሉ አይስ ክራይንግ ኢን ዘ ሬይን» ለኔልሰን በድምፃዊነት የመጀመሪያው አንደኛ ደረጃ ሆነለት። ቫዮሊን ቢጨመርበት ሰባኪው ብቻውን መሆኑ ይጠፋ ነበር።

የጆኒ ካሽ «አት ፎልሰም ፕሪዝን» ጥር 13 ቀን 1968 በካሊፎርኒያ እስር ቤት በሁለት ዝግጅት የተቀዳ ነው። የመክፈቻው ዘፈን ላይ ሰው መግደሉን ከሚናገረው ስንኝ በኋላ የሚሰማው የእስረኞች ጩኸት በኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ ነው፤ እስረኞቹ ጠባቂዎቹ ፊት ለዚያ ስንኝ ለመጮኽ አልደፈሩም። አልበሙን አሁንም እወደዋለሁ፤ ያ ጭማሪ ግን ያስከፋኛል። በዚያ ቦታ የሚሰማ እውነተኛ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ ስለ እስር ቤት ይናገር ነበር።

ከዘመናችን የክሪስ ስቴፕልተንን «ትራቨለር» (2015) አከብራለሁ፤ ድምፁ ከባንዱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዳለ ይሰማል። 14 ዘፈንና ከአንድ ሰዓት በላይ መሆኑ ብቻ ይከብደዋል። የኬሲ መስግሬቭስ «ጎልደን አወር» (2018) ባንጆን ከቮኮደር (የሰው ድምፅን እንደ ማሽን ከሚያሰማ መሣሪያ) ጋር አጋብቶ ሁለቱንም ሳያጣላ ይዟል፤ በ2019 የዓመቱ አልበም ግራሚ ማግኘቱ ይገባዋል። የቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» (2024) በ27 ትራክ በዝቷል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አጫጭሮቹ ቁርጥራጮች የያዙትን ነገር ሳይጨርሱ ይሄዳሉ። በግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ላይ ብቻዋን የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሊንዳ ማርቴልን ግን ድምጿን አሰምቶ ስሟን ለአዲስ አድማጭ ማድረሱ ትልቅ ነገር ነው።

የዛሬው የሬዲዮ ካንትሪ ላይ የምትጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። ዘፈኑ ሲጀምር ምቱን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙት። ስድስት ተከታታይ ዘፈኖች በአምስት ምት ልዩነት ውስጥ ከወደቁና ድራሙ ከራፕ የተዋሰ ያው የድራም ማሽን ከሆነ መሰልቸታችሁ የስሜታችሁ ጉዳይ አይደለም፤ አልበሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ስለ አደማመጡ የቀረውን ልጨርስ። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ሹፍል አጥፉት። ዘፈኖችን እያደባለቀ የሚያሻግረውን ክሮስፌድ የተባለ ቅንብርም አጥፉ፤ ዘፈኖቹ ያለ ክፍተት እንዲሄዱ የሚያደርገውን ግን አብሩት። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) ዘፈኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይፈሳሉ፤ ትንሽ የዝምታ ክፍተት እንኳ ፍሰቱን ይሰብረዋል። በአንጻሩ በሸክላው ላይ «መኒ» ከመጀመሩ በፊት ገጹን መገልበጥ ግድ ነበር፤ ባለ ሰባት ምቱ የሳንቲም ድምፅ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነበር የሚመጣው። በስትሪሚንግ ያ ዝምታ ጠፍቷል፤ እዚያ ስትደርሱ አቁማችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩና ቀጥሉ።

መጀመሪያ ሙሉውን ስሙ፣ በማግስቱ ከግጥሙ ጋር፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በሌላ መሣሪያ። በሦስተኛው ዙር ወረቀት ያዙ፤ «ጥሩ» ወይም «ደካማ» ብላችሁ አትጻፉ። የዘፈኑን ስም፣ ደቂቃና ሰከንዱን፣ እዚያም የገባውን ወይም የወጣውን መሣሪያ ጻፉ።